ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ ዘዴዎችና መድኃኒቶች፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ለማቆም ያሰቡ፣ ሞክረው የተመለሱና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ሲሆኑ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ።

ሲጋራ ማቆም ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? ቆራጥነት ስለሌለኝ ነው?

አይደለም። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከሳንባ ወደ ደም ገብቶ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያም የእርካታ ስሜት የሚፈጥረውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ይሁን እንጂ በሁለት ሰዓት ገደማ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ አንጎል መልሶ ይጠይቃል። አጫሹ ቀጣዩን ሲጋራ የሚለኩሰው በአብዛኛው አዲስ ደስታ ፈልጎ ሳይሆን ያለፈው ሲለቀው የሚመጣበትን መቁነጥነጥ ለማስታገሥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዱን ሲጋራ አሥር ጊዜ ቢስብ በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት ደግሞ ከ70,000 ጊዜ በላይ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ከቡናው፣ ከጫቱ፣ ከጓደኛውና ከሚቀመጥበት ቦታ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ስለዚህ ሲጋራ የሚያቆም ሰው የኒኮቲኑን ጥያቄም፣ ሲጋራው የተቆራኘበትን ወቅትና ቦታም መፍታት ይኖርበታል፤ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የተወ ሰው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ያለ ምንም እገዛ ለማቆም ከሚነሡ 100 ሰዎች መካከል ዓመት የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሱሱ ጥንካሬ ነውና እገዛ መጠየቅ ሊያሳፍር አይገባም።

ለ20 እና ለ30 ዓመት ካጨስኩ በኋላ ማቆሜ ምን ይለውጣል?

ብዙ ይለውጣል፤ ለውጡም የሚጀምረው በዚያው ዕለት ነው። የመጨረሻው ሲጋራ ከጠፋ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት መቀነስ ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማው መጠን ይመለሳል። ይህ ጋዝ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘውና አየሯ ስስ በሆነው ደሴ ዳገት የሚወጣ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያስተውለዋል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ይቀንሳል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከማጨስ የሚመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም ሥጋት በግማሽ ይወርዳል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይጠጋል።

በብሪታንያ በወንድ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመት የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በ30 ዓመታቸው ያቆሙ 10 ዓመት ገደማ፣ በ40 ያቆሙ 9፣ በ50 ያቆሙ 6፣ በ60 ያቆሙ ደግሞ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ አትርፈዋል። ስለዚህ «ለእኔ ጊዜው አልፏል» የሚለው አባባል ለ60 ዓመቱ አዛውንት እንኳ እውነት አይደለም።

በአንድ ጊዜ ልተው ወይስ እየቀነስኩ ልምጣ?

ሁለቱም ይሠራሉ። ቀን ቆርጠው በአንድ ጊዜ የሚተዉ ሰዎች ውጤት ቀስ በቀስ ከሚቀንሱት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መቀነስን የመረጠ ሰው ግን የማቆሚያውን ቀን አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ቀን ያልተቆረጠለት ቅነሳ ብዙውን ጊዜ በአምስትና በስድስት ሲጋራ ላይ ይቆምና ከዚያ አይወርድም። የሲጋራውን ቁጥር የቀነሰ ሰው እያንዳንዱን አጥብቆ በመሳብ የጎደለውን ኒኮቲን ስለሚያካክስ፣ ቁጥሩ መቀነሱ ብቻ የሚገባውን ያህል ጤና አይሰጥም።

በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳላጨስ እውላለሁ፤ ካፈጠርኩ በኋላ ግን አከታትዬ አጨሳለሁ። ጾምን ለማቆም ልጠቀምበት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ለብዙ የወሎ ሰው ከዚህ የተሻለ የማቆሚያ ጊዜ የለም ብለን እናምናለን። 13 ሰዓት ገደማ ያለ ሲጋራ የሚውል ሰው ሰውነቱ ይህን መቋቋም እንደሚችል በየቀኑ እያረጋገጠ ነው። አስቸጋሪው ከመግሪብ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ነው፤ ዝግጅቱም ለዚያ ጊዜ መሆን አለበት። በተምርና በውሃ ካፈጠሩ በኋላ ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር ውጭ ከመቆም በቀጥታ ወደ ሶላት መሄድ፣ ከእራት በኋላ ከቤት ሰው ጋር መቀመጥና ተራዊሕን በመስጊድ መስገድ ያን ሰዓት ይሸፍነዋል። የኒኮቲን ማስቲካ የሚጠቀም ሰው ከፍጥር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ብቻ ይውሰደው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች በጾም ሰዓት ስለ መጠቀም ያለውን ብያኔ ግን የአካባቢዎን ዑለማ ይጠይቁ።

ለኦርቶዶክሳውያንም የዐቢይ ጾም 55 ቀናት እንዲሁ ምቹ ናቸው። በቀን ከአሥር የማይበልጥ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው የሚመከረው የፓች ሕክምና ስምንት ሳምንት ወይም 56 ቀን በመሆኑ ከጾሙ ጋር አብሮ ጀምሮ አብሮ ሊጠናቀቅ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለበዓሉ ዕለት ነው፤ በፋሲካም ሆነ በዒድ ቀን ከእንግዳና ከመጠጥ ጋር «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የሚቀርበው ሲጋራ የብዙ ሳምንት ድካም ስለሚያፈርስ ምን ብለው እንደሚመልሱ አስቀድመው ያስቡበት።

ካቆምኩ በኋላ ምን ይሰማኛል? ለስንት ጊዜ?

ቁጡነት፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ መበታተን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመርና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳሉ፤ ከዚያ እየቀለሉ ሄደው በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። ሳል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ፤ በጭሱ ደንዝዘው የነበሩት የሳንባ ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራ ጀምረው አክታን ወደ ላይ እየገፉ በመሆናቸው አያስደንግጥዎት። ሆኖም ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ደም ካለበት፣ ወይም ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ከተጨመሩበት፣ ሰበብ ሳይሰጡት ጤና ጣቢያ ሄደው የአክታ ምርመራ ያድርጉ።

አንድ ብርቱ የማጨስ ፍላጎት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ለቤተሰብም የምንለው አለ፦ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚሰማው ቁጣ በሚስት ወይም በልጅ ላይ የመጣ ጥላቻ አለመሆኑን ሁሉም አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ጠብ ይቀራል።

የሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች እንዴት ነው የሚሠራው?

ፓቹ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ኒኮቲን በቆዳ በኩል ያስገባል። በጭስ እንደሚመጣው በድንገት አንጎልን ስለማይመታ እርካታን ሳይሆን ዕረፍትን ነው የሚሰጠው፤ «ለጠፍኩት፣ ግን ምንም አልተሰማኝም» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው። ሥራው ስሜት መፍጠር ሳይሆን መቁነጥነጡን መቀነስ ነው። በቀን ከአሥር ሲጋራ በላይ ያጨስ የነበረ ሰው በተለምዶ በ21 ሚሊግራም ጀምሮ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በ14 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት፣ በ7 ሚሊግራም ደግሞ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል።

ጠዋት ተነሥተው ንጹሕና ደረቅ፣ ፀጉር በሌለው የክንድ፣ የደረት ወይም የጀርባ ቆዳ ላይ ይለጥፉት፤ ቆዳው እንዳይቆጣ በየቀኑ ቦታውን ይቀያይሩ፤ ፓቹን አይቁረጡት። ሌሊት የሚያባንን ሕልም ካበዛብዎት ከመኝታ በፊት ያንሡት። የተጠቀሙበትን አጥፈው ልጆች በማይደርሱበት ያስወግዱ፤ በውስጡ የሚቀረው ኒኮቲን ሕፃንን ሊመርዝ ይችላል።

የኒኮቲን ማስቲካውን አኘክሁት፤ ስቅታና የሆድ ማቃጠል ብቻ ነው ያተረፍኩት። ስህተቴ ምንድን ነው?

እንደ ተራ ማስቲካ ስላኘኩት ነው። በፍጥነት የታኘከ ማስቲካ ኒኮቲኑን ወደ ምራቅ ይለቅቃል፤ ምራቁ ሲዋጥ ኒኮቲኑ ሆድ ያስቆጣል እንጂ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ ምላስን የመቆንጠጥ ወይም የሚጥሚጣ ዓይነት ስሜት እስኪመጣ ድረስ በዝግታ ያኝኩ፣ ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል ያስቀምጡት፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት ያኝኩና ወደ ሌላው ጉንጭ ያዛውሩት፤ ይህን ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀጥሉ። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን በጉንጩ ይዞ የማቆየትን ነገር ስለሚያውቅ ለእርሱ ማስረዳት ቀላል ነው።

ከእንቅልፉ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ባለ 4 ሚሊግራሙን፣ ሌላው ባለ 2 ሚሊግራሙን ይውሰድ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድና በየሁለት ሰዓቱ አንድ መውሰድ ይመከራል፤ ብዙ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ብቻ ወስዶ «አይሠራም» ይላል። ማስቲካውን ከመውሰድዎ በፊት ለ15 ደቂቃ፣ እንዲሁም በአፍዎ ሳለ፣ ቡና፣ ለስላሳ፣ ጭማቂም ሆነ ሎሚ ያለበት ሻይ አይጠጡ፤ የአፍ ውስጥ አሲድነት ኒኮቲኑ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ፓችና ማስቲካ አብሮ መጠቀም ይቻላል፤ እንዲያውም ፓቹ የቀኑን መሠረት ይዞ፣ ማስቲካው ድንገተኛውን ፍላጎት ሲመልስ፣ ውጤቱ አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል።

ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ብዙዎችን ከሕክምናው ስለሚያርቅ በግልጽ መመለስ አለበት። አጫሹን ወደ ሱስ የሚስበው ኒኮቲን ነው፤ ሳንባውንና የደም ሥሩን የሚጎዳው ግን በዋናነት ከቃጠሎው የሚወጣው ጭስ፣ ማለትም ሬንጁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና በሺዎች የሚቆጠሩት ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ፓችና ማስቲካ ከእነዚህ አንዱንም አልያዙም። መጠናቸው እየቀነሰ የሚሄድ፣ ቀስ ብለው የሚሠሩ በመሆናቸውም ከእነርሱ መላቀቅ ከሲጋራ መላቀቅን ያህል አይከብድም። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን መተኪያዎችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷቸዋል።

ኒኮቲን የሌላቸው ክኒኖች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ለአዋቂዎች ትምባሆ የማስቆም መመሪያ ከኒኮቲን መተኪያዎች ጋር ሦስት መድኃኒቶችን መክሯል፦ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን። ቫረኒክሊን ኒኮቲን የሚያርፍበትን የአንጎል ክፍል ቀድሞ ስለሚይዝ ሁለት ጥቅም አለው፤ ፍላጎቱን ይቀንሳል፣ ሰውየው ቢያጨስ እንኳ እርካታውን ያደበዝዝበታል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለ12 ሳምንታት ይወሰዳል። ማቅለሽለሽ ዋናው ችግሩ ስለሆነ ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ሳይቲሲን ከዕፅዋት የሚገኝ፣ አሠራሩ ከቫረኒክሊን ጋር የሚመሳሰል፣ በምሥራቅ አውሮፓ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ መድኃኒት ሲሆን መደበኛው አወሳሰድ 25 ቀን ነው።

ቡፕሮፒዮን ለድብርትም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። በእኛ አካባቢ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ቡፕሮፒዮን በኬሚካላዊ አወቃቀሩ በጫት ውስጥ ካለው ካቲኖን ጋር ዝምድና አለው፤ ከአነቃቂ ነገሮች ጋር ሲደራረብም መንቀጥቀጥ የማስከተል ሥጋቱ ይጨምራል። ስለዚህ አዘውትሮ የሚቅም ሰው አፍሮ ሳይደብቅ ለሐኪሙ መናገር አለበት። እነዚህን ክኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ወይም ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ነው ተብሎ ስለተሰጠ ብቻ፣ መጀመር አይገባም።

መድኃኒቱን ባላገኘው ወይም የመግዛት አቅም ባይኖረኝስ?

አስቀድመው ያጣሩ። የመጀመሪያውን ፓች ከመለጠፍዎ በፊት ለስምንትና ለአሥር ሳምንት የሚበቃው መገኘቱን ፋርማሲውን ይጠይቁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ላይ መድኃኒቱ አልቆበት ከመጀመሪያው የተመለሰ ሰው ተስፋ መቁረጡ የከፋ ነው። በአንድ ወር ለሲጋራ የሚያወጡትን ገንዘብ በወረቀት ደምረው ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። በነጠላ እየገዙ የሚያጨሱ ሰዎች ወጪያቸውን ስለማይሰሙት ሂሳቡ ያስገርማቸዋል።

መድኃኒት ከሌለም መንገዱ አይዘጋም። የጤና ባለሙያ የሚሰጠው አጭር ምክር ብቻውን እንኳ የማቆም ዕድልን እንደሚጨምር የተረጋገጠ ነው፤ በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ለሌላ ሕመም ሲሄዱ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ» ብለው ይናገሩ፣ የክትትል ቀጠሮም ይጠይቁ። ለእጅና ለአፍ ምትክ ያዘጋጁ። መፋቂያ ከምንም የተሻለ ነው፤ ሲጋራ በሚያህል ቁመቱ በጣት መካከል ይያዛል፣ አፍን ያሠራል፣ ጥርስም ያነጻል። ቆሎ በኪስ መያዝ፣ ቅርንፉድ በአፍ ማቆየትና ውሃ መጎንጨት ይረዳሉ። ፍላጎቱ ሲመጣ ሰዓት አይተው አሥር ደቂቃ ያዘግዩት፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይራመዱ። ላይተርና መተርኮሻ በቤት አይኑር። የማቆሚያውን ቀን ለአንድ ለሚያከብሩት ሰው፣ ለአባት፣ ለታላቅ ወንድም፣ ለሼኅ ወይም ለንስሐ አባት ይንገሩ፤ ለሰው የተነገረ ቀን በልብ ብቻ ከተያዘ ቀን ይበረታል።

የማጨሰው ስቅም ብቻ ነው። ጫቱን ሳልተው ሲጋራውን ብቻ መተው እችላለሁ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። የሚሳካላቸው ሰዎች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ጫትና ኒኮቲን ሁለቱም አነቃቂዎች ናቸው፤ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው ያንን ስሜት ያጎላል፣ ከበርጫው በኋላ የሚመጣውን መደበት ደግሞ በሲጋራ ለማቅለል ይሞከራል። በጭስ በታፈነ ክፍል ውስጥ ለአራትና ለአምስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ራሱ ባይለኩስ እንኳ የሌሎችን ጭስ ይስባል፣ ሽታውም ፍላጎቱን ይቀሰቅስበታል። ሳምንቱን ሙሉ ታግሦ የሰነበተው ሰው የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በበርጫ ላይ ነው።

የእኛ ምክር ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሁለቱንም አብሮ ማቆም ነው። ጫት ማቆም ራሱ የእንቅልፍ ብዛት፣ ድካምና ድብርት ለጥቂት ቀናት ስለሚያመጣ፣ ሥራ የማይበዛበትን ሳምንት መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን ፈጽሞ አልችልም የሚል ሰው የበርጫውን ሁኔታ ይለውጥ፦ የማያጨስ ሰው ቤት፣ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ ከወትሮው ባነሰ መጠን፣ ባጠረ ሰዓት፣ ሲጋራም ሆነ ለሲጋራ የሚሆን ነጠላ ብር በኪስ ሳይያዝ። ከበርጫው በኋላ ወደ ጨብሲ መሄድን ግን በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ይተዉት፤ መጠጥ ውሳኔን ስለሚያላላ ሦስቱ አንድ ላይ የተገናኙበት ምሽት ሳይጨስ አያልፍም ማለት ይቻላል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ፓች ለጥፎ ከመቃሙ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ሁለቱም የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራሉ።

ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ቡና ስጠጣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፌም ጠፋ። ለምን?

በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ካፌይንን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያፋጥናሉ። ማጨስ ሲቆም ኢንዛይሙ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ስለሚመለስ፣ ያው የተለመደው ስኒ በደም ውስጥ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን ያስቀምጣል። መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምቱና የእንቅልፍ ማጣቱ «ሲጋራ በማቆሜ የመጣ ነው» ተብሎ ሲወሰድ ሰውየው ወደ ሲጋራው ይመለሳል፤ ጥፋቱ ግን የቡናው መጠን ነው።

እናቶቻችን ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጡ እንደማይነሡ እናውቃለን፣ ቡናውን ተዉ ማለትም አይገባንም። አቦልን ጠጥቶ ቶናውን ማለፍ፣ ወይም በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈላውን በቀን አንድ ጊዜ መጠጣት፣ ማለትም በግማሽ መቀነስ ይበቃል። ከቡና ጋር ሲያጨሱ የኖሩ ሰዎች የሚቀመጡበትን ቦታ ቢለውጡ፣ ስኒውንም ሁልጊዜ ሲጋራ በሚይዙበት እጅ ቢይዙ ይረዳቸዋል።

እወፍራለሁ ብዬ እፈራለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ መጨመር አለ። ከማጨስ ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከጣፋጭና ከለስላሳ ይልቅ ቆሎና ፍራፍሬ መያዝ፣ በየቀኑም በእግር መሄድ ይቀንሰዋል። በዚያው ጊዜ ጥብቅ የክብደት ቅነሳ መጀመር ግን አይመከርም።

ወደ ሺሻ ወይም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ብዛወርስ?

ሺሻ መፍትሔ አይደለም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፤ የአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 ጊዜ የሚበልጥ የጭስ መጠን ሊያስገባ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ከሰሉም የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በተመለከተ በሌሎች አገሮች ለማቆም የረዳቸው ሰዎች እንዳሉ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በኢትዮጵያ ግን ሽያጩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ በድብቅ የሚመጣው ዕቃ ምን እንደያዘ የሚቆጣጠር የለም። የተፈተኑት ፓች፣ ማስቲካና ክኒን እያሉ ወጣቶችን በዚህ መንገድ መምራት ተገቢ አይመስለንም።

በኮምቦልቻ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ሹፌሮች ነን። እንቅልፍ የምናባርረው በሲጋራ ነው። ምን እናድርግ?

ኒኮቲን ለጥቂት ደቂቃ ያነቃል እንጂ የጎደለ እንቅልፍን አይተካም። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ፓቹን በሥራ መግቢያ ሰዓት መለጠፍና ከመተኛት በፊት ማንሣት ከጠዋቱ አለጣጠፍ ይልቅ ይስማማል። የዕረፍት ሰዓት ሲደርስ አጫሾች ወደሚቆሙበት ጥግ አለመሄድ፣ ያችን ሰዓት ለምግብ ወይም ለፊት መታጠብ ማዋል ይሻላል። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል፣ ጭስ የሌለበት የሥራ ቦታ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሹፌሮች ከሁሉ አስቀድመው ጋቢናውን ያጽዱ፤ የጭስ ሽታ በመቀመጫ ጨርቅ ውስጥ እስካለ ድረስ ፍላጎቱ አይሞትም። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወይም ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው እንቅልፍ ከመጣበት መድኃኒቱ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ መተኛት ነው። ረዳቱም ሆነ ተሳፋሪው በመኪናው ውስጥ እንዳያጨስ ያስታውቁ።

ጭንቀቴን የሚያቀልልኝ ሲጋራ ብቻ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ነው የጀመርኩት። ይህን ብነጠቅ ምን እሆናለሁ?

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን፣ መፈናቀሉንና ሐዘኑን ለኖረ ሰው ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ በተግሣጽም አይመለስም። ሲጋራው የሚያቀልልዎት የሚመስለው ጭንቀት በከፊል ራሱ ሲጋራው በየሁለት ሰዓቱ የሚፈጥረው መቁነጥነጥ ነው። ያቆሙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ይልቅ እንደቀነሰ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ።

የቀረው ጭንቀት ግን እውነተኛ ነው፤ የራሱ ሕክምናም አለው። የሚያባንን ሕልም፣ ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ፣ ከሰው መሸሽ ወይም የመኖር ፍላጎት ማጣት ካለ፣ ከሲጋራው ጋር አብሮ እንዲታይ ለሐኪም ይነገር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በፈቃድ ብቻ ከመሞከር ይልቅ መድኃኒትና የምክር ክትትል ያለው ማቆም ይገባዋል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወይም ባለቤቴ ቤት ውስጥ ያጨሳል።

በእርግዝና ጊዜ ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ለማቆሚያነት አይመከሩም፤ ቀዳሚው እገዛ ምክርና ክትትል ነው፣ የኒኮቲን መተኪያም ሐኪም ካላዘዘ አይወሰድ። ሴቶች በሰው ፊት ስለማያጨሱ ለአዋላጇም የሚደብቁ አሉ፤ እባክዎ ይንገሯት፣ ምስጢርዎን የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ባል የሚያጨስ ከሆነ መስኮት መክፈቱ አይበቃም፤ የሌላ ሰው ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ ለጆሮ ኢንፌክሽንና ለአስም ያጋልጣል። ማቆም እስኪችል ድረስ የሚያጨሰው ከግቢ ውጭ ይሁን።

የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እወስዳለሁ። ሳቆም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። ከላይ ስለ ቡና የተነገረው የጉበት ኢንዛይም አንዳንድ መድኃኒቶችንም ያስወግዳል። ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚወስድ የአእምሮ ታካሚ፣ እንዲሁም ቲዮፊሊን የሚወስድ የአስም ታካሚ ማጨስ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል፣ ከማቆሚያው ቀን በፊት ሐኪሙ መጠኑን እንዲያስተካክል ይነገረው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

ማጨስ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝንም ሆነ ሕክምናው ያለመሳካትን ሥጋት ይጨምራል፤ መድኃኒት ለመውሰድ በየጊዜው ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ሰው ለማቆም ክትትል ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል፣ የቡፕሮፒዮንን ጨምሮ፣ ስለሚቀንስ ምርጫው ለሐኪም ይተው።

ለሁለት ወር አቁሜ በለቅሶ ቤት አንድ ሲጋራ አጨስኩ። ሁሉም ተበላሸ?

አልተበላሸም፤ ግን የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ወሳኝ ናቸው። አንድ ሲጋራ መሳት ነው፤ «አንዴ ከጀመርኩማ» ብሎ ፓኮ መግዛት ነው መመለስ። ፓች ለጥፈው ከነበረ አያንሡት፣ ክኒን ጀምረው ከነበረም አያቋርጡት፤ ከፓች ጋር አንድ ሲጋራ ማጨስ ሊያቅለሸልሽ ይችላል እንጂ ሕክምናውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ከዚያ ያ ሲጋራ እንዴት እንደመጣ ይጻፉት፦ ማን ሰጠዎት፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን በልተው ወይም ጠጥተው ነበር፣ ምን ተሰምቶዎት ነበር?

ለቅሶ፣ ሠርግና ሰደቃ ሰው የሚሰበሰብባቸው፣ አለመሄድም የማይቻልባቸው ቦታዎች ናቸው። በድንኳኑ ውስጥ ከማያጨሱ ሽማግሌዎች አጠገብ ይቀመጡ፤ ሲጋራ ሲቀርብልዎት ረጅም ማብራሪያ ሳይሰጡ «ትቼዋለሁ» ይበሉ፤ ማስቲካው ካለዎት ከመግባትዎ በፊት ይውሰዱት። መድኃኒቱን ጨርሰው ከሆነና ፍላጎቱ ከበረታ ሁለተኛ ዙር መጀመር ይቻላል። ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ የተመለሱ ብዙ ሰዎች ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ያቆማሉ፤ ስለዚህ የጻፉትን ወረቀት ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱና አዲስ ቀን ይቁረጡ።